በርና ካሜራ ያጋባሁ ጊዜ

ፍኖተ ሰላም ውስጥ ስሜን የሚያውቅ ጥቂት ሰው ነው። ብዙው «ካሜራዋ» ይለኛል። «ካሜራዋን ጥሯት»፣ «ካሜራዋ አሁን በዚህ አለፈች»። መጀመሪያ እናደድ ነበር፤ ኋላ ለመድሁት፤ እውነቱን ለመናገር ወደድሁት። ከቴክኒክና ሙያ ተመርቄ መሰላል ተሸክሜ ከጣሪያ ጣሪያ ስዞር «ይህችስ አርፋ ባል ብትፈልግ ምን አለበት» ይሉ የነበሩ ነጋዴዎች፣ ዛሬ ካሜራቸው ሲበላሽ ከምሳዬ ላይ ያስነሱኛል። ሥራዬ ይኸው ነው፤ ካሜራ እሰቅላለሁ፤ በጣት አሻራ የሚከፈት በር እገጥማለሁ። ይህን የምጽፈው ግን ልመካ ብዬ አይደለም። በዚሁ ሥራዬ አንድ ሽማግሌ ሌባ አድርጌያለሁ። ሽማግሌው አልሰረቁም።

ነገሩ የሆነው ከከተማው ወጣ ብሎ፣ በቡሬ መንገድ ዳር ባለ የአንድ ገበሬዎች ማኅበር የዘር መጋዘን ነው። ግንቦት ላይ ምርጥ የበቆሎ ዘር በእኛ አገር ምን ማለት እንደሆነ ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ይከብዳል። ደመናው ከብዶ ዝናቡ ሊጥል ሲል ገበሬው ከየቀበሌው መጥቶ አጥሩን ተደግፎ ይሰለፋል። ዘሩ በጊዜ ካልደረሰው ዓመቱ አለፈው ማለት ነው። ስለዚህ በዚያ ወር «ዘር ጎደለ» ከተባለ ሰው የእናቱን ልጅም ይጠረጥራል። የማኅበሩ ሊቀመንበር ሳይቃጠል በቅጠል ብሎ፣ ዘሩ ገና ከመራገፉ አስጠራኝ።

«በሩ ማን እንደገባ ይናገራል፤ ካሜራው ምን ይዞ እንደወጣ ያሳያል። ሁለቱን ካጋባናቸው ሌባ መሹለኪያ የለውም» አልሁት።

«እንግዲያ አጋቢያቸዋ!» አለ እየሳቀ።

ጋብቻው ግን ከአፌ የበለጠ አልነበረም። ሁለቱን ማሽኖች በገመድ አላገናኘኋቸውም። የበሩ መዝገብ ለብቻው ይቀመጣል፤ የካሜራው ምስል ሊቀመንበሩ ቢሮ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎ ለብቻው ይቀመጣል፤ ነገር የመጣ ዕለት እኔ ሰዓቱን ከሰዓቱ አስተያይቼ እናገራለሁ። በዚያ ላይ የመጋዘኑን በር የሚያይ ካሜራ አልሰቀልሁም። በሩን ማሽኑ ራሱ ይጠብቀዋል ብዬ ካሜራውን የግቢው መግቢያ ላይ አደረግሁት። ያን ጊዜ ይህ ብልጠት መስሎኝ ነበር።

በሩን በጣታቸው እንዲከፍቱ የተፈቀደላቸው ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ የንብረት ክፍሏ ሠራተኛና የቀን ዘበኛው። ዘበኛው ከስድሳ ያለፉ፣ ቀጥ ብለው የሚሄዱ ሰው ናቸው። አገራቸው ከደምበጫ ወደ ፈረስ ቤት በሚወስደው መንገድ ነው። ሳምንቱን ከተማ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይተው ይሰነብቱና ቅዳሜ ማታ ወደ ሚስታቸው ይሄዳሉ፤ እሑድ ደግሞ በደብራቸው የሰንበቴው ሙሴ፣ አለቃው ማለት ነው፣ እሳቸው ናቸው። የማኅበርተኛው ጠብ የሚታረቀው፣ የተረኛው ጠላ የሚባረከው እሳቸው ባሉበት ነው።

ጣታቸውን ላስመዘግብ ስል ማሽኑ አላውቅዎትም አለ። ዕድሜ ልኩን ሞፈር የያዘ እጅ አሻራው ተፍቋል። አውራ ጣት ሞከርን፤ አመልካች ሞከርን፤ ማሽኑ ቀይ እያበራ ይጮኻል። በመጨረሻ የግራ እጃቸውን ትንሿን ጣት ተቀበለ።

«አየሽ ልጀ» አሉኝ፣ «ሥራ ያልሠራ እሱ ብቻ ስለሆነ ነው ወደ ሹመት የወጣ።»

በሳቅ ልሞት ነበር። ከዚያ ማሽኑ ፊት ላይ የሚታየውን ትልቅ ሰዓት አዩና ወደ እጅ ሰዓታቸው ተመለከቱ። የእሳቸው አራት ከሃያ ይላል፤ ማሽኑ ዐሥር ከሃያ ይላል።

«ይቺ ሰዓት ግን ታማለች።»

«የፈረንጅ ሰዓት ነው፣ አባቴ። ስድስት ሰዓት ይቀንሱለት።»

«ፀሐዩ የእኛ፣ ቁጥሩ የሰው አገር? ምነው ልጀ!»

ደስ አሉኝ። ሰውየው ከዚያ ማሽን ፊት ቀኑን ሙሉ ሊቀመጡ ነው፤ ሰዓቱን ባዩ ቁጥር ሊቀንሱ ነው ብዬ አሰብሁ። ማስተካከያው በእጄ እያለ ምንም ሳልናገር ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ መለስሁት። ደቂቃ አልፈጀብኝም። በማግስቱ ሲያዩት ድኖ እንዲያገኙት፣ እንዲደነቁ ፈልጌ ነበር። ቁም ሣጥን ውስጥ ያለው የካሜራ መቅጃ ግን ከፋብሪካ እንደመጣ በፈረንጅ ሰዓት ቀረ። እኔ ደግሞ በዚያው ሳምንት ሦስት ቦታ ሥራ ነበረብኝና ረሳሁት። ጨርሶ ረሳሁት።

ግንቦት አጋመሰ። አንድ ረቡዕ ማታ ዘሩ ተቆጥሮ ልክ ነው ተባለ። ሐሙስ ዕደላ አልነበረም፤ ከወረዳ የሚመጡ ተቆጣጣሪዎች ይጠበቁ ነበር። ዓርብ በዓል ስለነበር ማንም አልገባም። ቅዳሜ ጠዋት ሲቆጠር አራት ከረጢት ጎደለ። አጥሩ ሥር የቆመው ገበሬ ወሬውን ሲሰማ ግቢው ተናወጠ፤ ሊቀመንበሩ ደወለልኝ፤ እኔም እየበረርሁ ሄድሁ። ለምን እንደበረርሁ አውቃለሁ። ማሽኖቼ የሚታዩበት ቀን መጣ ብዬ ነው።

በሊቀመንበሩ ቢሮ አምስት የኮሚቴ አባላት ተቀምጠዋል። የንብረት ክፍሏ ሠራተኛ ጥግ ላይ ናት። ዘበኛው ቆመዋል፤ ማንም ተቀመጡ አላላቸውም፤ እኔም አላልሁም። ከረቡዕ ማታ እስከ ቅዳሜ ጠዋት ያለውን የበሩን መዝገብ አወጣሁ። አንድ መስመር ብቻ ነበረበት፤ ሐሙስ፣ 9:15፣ የዘበኛው ጣት። ከዚያ መቅጃውን ከፍቼ ሐሙስ 9:15 ላይ አቆምሁት። ምስሉ ላይ ሽማግሌው ጢም ያለ ከረጢት በትከሻቸው አድርገው ከግቢው ሲወጡ ይታያሉ። ከረጢቱ ላይ የማኅበሩ የዘር ምልክት አለ። ክፍሉ ውስጥ አንድ ሰው «እሰይ!» አለ። እኔም በልቤ ብያለሁ።

«ሣር ነው» አሉ ሽማግሌው። «የግቢውን ሣር አጭጀ በባዶ ከረጢት ወሰድሁት። አከራየ ጥጃ አላት፤ ለእሱ ነው።»

«ታዲያ ሣሩ የት አለ?» አለ አንደኛው አባል።

«በላዋ፣ ጥጃው።»

«ምስክሩን ጥጃ በላው በሉን!» ሰው ሁሉ ሳቀ።

«በሩንስ ለምን ከፈቱ?» አለ ሊቀመንበሩ።

«ጠዋት በር አልከፈትሁም። የከፈትሁ ከሰዓት ነው፤ ተቆጣጣሪዎች መጥተው፣ እሷም አብራ ነበረች። እንግዳ ቆሞ እያለ እጀን አጣጥፌ ልይ? ቀደም ብየ ከፈትሁላቸው። ይኸው ወረቀቱስ ዘጠኝ ከሩብ አይዶለም እንዴ የሚለው? ዘጠኝ ከሩብ ከሰዓት ነው እኮ።»

አሁን ሳስበው የሚቆጨኝ እዚህ ላይ ነው። አምስቱም የኮሚቴ አባላት ወረቀቱን አዩ። ለማንኛውም የአገራችን ሰው ዘጠኝ ከሩብ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ፊታቸው ላይ ሲያመነቱ አየኋቸው። ጉዳዩ እዚያው ሊያበቃ ነበር። መልሼ ያነሣሁት እኔ ነኝ። ፈገግ ብዬ፣ ፊደል እንደሚያስቆጥር ሰው ጣቴን እያወዛወዝሁ «ማሽን የሚቆጥረው በፈረንጅ ነው፣ አባቴ። ስድስት ቀንሱ። ጠዋት ሦስት ከሩብ ማለት ነው፤ ይኸው ምስሉም ጠዋት ነው፤ ጥላውን እዩት» አልሁ።

«ያቺ ሰዓትማ ከእጀ ሰዓት እኩል ነበር የምትሄደው፣ ልጀ።»

ሰማኋቸው። እንደ ሽማግሌ መዘባረቅ ቆጥሬ አለፍሁት።

የንብረት ክፍሏ ሠራተኛ «ከሰዓት የከፈቱልን እንኳ እሳቸው መሰሉኝ» አለች በቀስታ። «ከሰዓት የተከፈተበት መዝገብ የለም» አልኋት። «ጠዋት ከፍተው ሳይቆልፉት ውሎ ይሆናል እንጂ።» ሴትዮዋ ወረቀቱን አየች፤ እኔን አየች፤ «እንግዲህ ክፍት ሆኖ ይሆናል፤ ልብ አላልሁም» አለች። በገዛ ዓይኗ ያየችውን ነገር ለአንድ ወረቀት ብላ ስትተወው እያየሁ ነው፤ እኔም ደስ ብሎኛል።

ሽማግሌው ከዚያ በኋላ አንድ ነገር ብቻ ለመኑ። «ከደብሩ ወስዳችሁ አምሉኝ» አሉ። በእኛ አገር እንዲህ ያለ ሰው ልማል ካለ ነገሩ በመሐላው ያልቃል፤ በሐሰት የማለ ከነዘሩ እንደሚጠፋ ሁሉም ያምናል። ሊቀመንበሩ ግን ወደ መቅጃው እየጠቆመ «ካሜራ እያለ መሐላ ምን ይሠራል?» አለ። ስለ ሽበታቸው ለፖሊስ አልሰጧቸውም። ከሥራ አሰናበቷቸው። ሲወጡ ጋቢያቸው ሁለት ጊዜ ከትከሻቸው ወደቀባቸው፤ ማንም ተነሥቶ አላነሣላቸውም።

ከአባላቱ አንዱ መቅጃው ላይ ያለውን ምስል በስልኩ ቀርጾት ነበር። ለማን እንደላከው አላውቅም፤ እስከ ምሽት ድረስ ግን ከተማው ሁሉ አይቶታል፤ ለእኔ እንኳ ሦስት ሰው ላከልኝ። በሳምንቱ ቡሬም ደምበጫም ደርሷል። ሽማግሌው ከረጢት ተሸክመው ከግቢው ይወጣሉ፤ ያልቃል፤ እንደገና ይጀምራል።

እኔ «ሌባ ያስያዘችው ልጅ» ሆንሁ። ያ ስም ምን ያህል እንደጣፈጠኝ ልደብቅ አልችልም። «ሴት ናት፣ ምን ታውቃለች» ያሉ ሁሉ በመንገድ ላይ ሰላም ይሉኝ ጀመር። ሊቀመንበሩ ቡሬ ላይ ላለ አንድ ትልቅ መጋዘን ባለቤት ስለ እኔ ነገረልኝና ሰውየው ሁሉንም በርና ሁሉንም ካሜራ እኔ እንድሠራለት ጠየቀኝ። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ሥራ አግኝቼ አላውቅም።

ሁለት ሳምንት አለፈ። ሊቀመንበሩ የወሩን የበር መዝገብ ለወረዳ እንዳትምለት ጠራኝ። ቢሮው ውስጥ ብቻዬን ተቀምጬ ዝርዝሩን ሳየው የንብረት ክፍሏ ሠራተኛ በየቀኑ በሩን የከፈተችው 2:40፣ 2:35፣ 2:50 ላይ ነው ይላል። በፈረንጅ ሰዓት ከሄድን ይህ ከሌሊቱ ስምንት ተኩል በላይ ነው። «ይህች ሴትዮ ሌሊት ሌሊት ነው እንዴ ዘር የምታድለው?» ብዬ ለራሴ ሳቅሁ። ሳቄ አፌ ላይ እንዳለ የሽማግሌው ሰዓትና ማሽኑን ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ የመለሰው የእኔ ጣት ትዝ አሉኝ።

መቅጃውን ከፈትሁ። ወደ ሐሙስ ተመለስሁና 15:15 ላይ አቆምሁት። ይኸውላችሁ፤ አራት ተቆጣጣሪዎች ወረቀት ይዘው ወደ ግቢው ይገባሉ፤ የንብረት ክፍሏ ሠራተኛ አብራቸው ናት፤ ሽማግሌው ከፊት ከፊት ይመራሉ። ጠዋት የወጣው ሣር ነው። ከሰዓት የተከፈተው በር ለእንግዳ የተከፈተ በር ነው። ሁለቱም ንጹሕ ነገሮች ነበሩ። እኔ አንድ ላይ አደረግኋቸውና ሌብነት ሆኑ። አራቱ ከረጢት ደግሞ የት እንደገባ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ምናልባት ረቡዕ ማታ የቆጠሩት ተሳስተው ይሆናል፤ ምናልባት ከመጀመሪያውም አልጎደለም።

ፍላሽ በኪሴ ነበር። ምስሉን ገልብጦ ለሊቀመንበሩ «ተሳስቻለሁ» ማለት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነበር። እጄ ኪሴ ውስጥ ገብቷል፤ ፍላሹን ይዣለሁ፤ ጭንቅላቴ ውስጥ ግን «ሴት ናት፣ ምን ታውቃለች» የሚለው የነጋዴዎቹ ድምፅ ይጮኻል። ቡሬ ያለው ሰውዬ በማግስቱ ሊፈርምልኝ ነው። ይህን ከሰማ ይፈርማል? ከፈረመ በኋላ እናገራለሁ አልሁ።

ከዚያ ያደረግሁትን ለማንም ነግሬ አላውቅም፤ ለንስሐ አባቴ እንኳ ግማሹን ነው የነገርሁት። ዝርዝሩን ወረዳ ቢያየው «ሌሊት ስምንት ሰዓት ማን ከፈተ» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ስለዚህ በእያንዳንዱ መስመር ላይ ስድስት ሰዓት ደመርሁ። 2:40 የነበረው 8:40 ሆነ። እንዲህ እያልሁ ወረድሁና የዚያች ሐሙስ የሽማግሌው መስመር ላይ ስደርስ ዘለልኋት። ስድስት ብደምርባት 15:15 ትሆናለች፤ 15:15 ከሆነች ደግሞ ሽማግሌው ነጻ ናቸው። 9:15 ብዬ ተውኋት። አተምሁት። ቀጥሎ ወደ በሩ ሄጄ ሰዓቱን ወደ ፈረንጅ መለስሁና የድሮውን መዝገብ አጥፍቼ እንደ አዲስ አስጀመርሁት። ስመለስ ሊቀመንበሩን በር ላይ አገኘሁት።

«ጨረስሽ?» አለኝ።

«ጨረስሁ» አልሁት።

መጀመሪያ የሠራሁት ስሕተት ነበር፤ ሰው ይሳሳታል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ? እኔ ግን ያፈሰስሁትን እንዳልለቅም በእግሬ አፈር አለበስሁት። ይህኛው ስሕተት አይደለም።

ቡሬ ዐሥራ ስድስት ቀን ሠራሁ። ሥራው ተዋጣልኝ። ስመለስ በቀጥታ ወደ መጋዘኑ ሄጄ፣ ካሜራ ላጸዳ ነው ብዬ መቅጃውን ከፈትሁ። ያች ሐሙስ የለችም። መቅጃው ከሠላሳ ቀን በላይ አያስቀምጥም፤ በአሮጌው ላይ አዲሱን ይጽፍበታል። ይህን ደግሞ ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነኝ፤ የሠላሳ ቀኑን ልክ የሞላሁት በገዛ እጄ ነው። ታዲያ ቡሬ ላይ ቀን አልቆጠርሁም ነበር? ቆጥሬያለሁ። በየማታው ቆጥሬያለሁ።

ያን ጊዜ ለሊቀመንበሩ ነገርሁት፤ የሰዓቱን ነገር ብቻ። «ምስሉ አለ?» አለኝ። «ጠፍቷል» አልሁ። «እንግዲያ ተይው። ገበሬው አሁን ዝም ብሏል፤ ዘሩም መሬት ገብቷል። ዝም አይነቅዝም» አለኝ። ተገላገልሁ። ከበሩ ስወጣ ሰውነቴ እንደ ላባ ቀለለኝ። በዚያ መቅለሌ አፍራለሁ።

ክረምቱ መጣ። ሽማግሌውን ሄጄ ልይ ባልሁ ቁጥር መንገድ ተዘግቷል እያልሁ ራሴን አታለልሁ። አንዳንድ ሰሞን እውነትም ተዘግቶ ነበር፤ መኪና አይሄድም፣ ስልክ አይሠራም። ለሥራ በተጠራሁ ጊዜ ግን ሁልጊዜ ክፍት መንገድ አገኝ ነበር። ኅዳር ሲገባ፣ የደምበጫ አንድ ነጋዴ ካሜራ ላስገጥም ብሎ ሲጠራኝ፣ «ሌባ ያስያዝሽበትን ዓይነት ነው የምፈልገው» አለኝ። ያን ቃል ከሰማሁ በኋላ ሥራውን ትቼ በፈረስ ቤት መኪና ተሳፈርሁ።

ከመንገዱ ወርጄ የአንድ ሰዓት መንገድ በእግሬ ሄድሁ። አንዲት ሴት ውኃ ቀድታ ስትመለስ አገኘሁና የሽማግሌውን ቤት ጠየቅኋት። «የትኛው? ያ በስልክ የታየው?» አለችኝ። አዎ አልሁ። ሌላ ምን እላለሁ?

ሽማግሌው ዐውድማ ላይ በሬ እየነዱ ዳጉሳ ያበራዩ ነበር። ከስተዋል። ሲያዩኝ አወቁኝ፤ ዱላቸውን አስቀምጠው ተቀበሉኝ። «እንደምን ሰነበትሽ ልጀ፤ ምን እግር ጣለሽ?» አሉኝ። እንግዳ ስለሆንሁ ከወቀሳ በፊት ሰላምታ ሰጡኝ። ይቅርታ ለመጠየቅ የሚመጣ ሰው ሽማግሌ ይዞ፣ ድንጋይ ተሸክሞ ነው የሚመጣው፤ እኔ በቦርሳዬ ሁለት ኪሎ ስኳር ይዤ ብቻዬን መጥቻለሁ። ቤት ግቢ አሉኝ። ሳልነግርዎ አልገባም አልሁ። ጭዱ ላይ ተንበርክኬ ሁሉንም ነገርኋቸው፤ የሰዓቱንም፣ የዘለልኋትን መስመርም።

ሲሰሙኝ አልተቆጡም። ብቻ ጠየቁኝ።

«ሰዓቷን ያስተካከልሻት አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ። ደስ እንዲልዎ ብዬ ነው።»

«ደስ ብሎኝም ነበር። መቼ አወቅሽ?»

«በሁለት ሳምንቱ።»

«ምስሉ ያኔ ነበረ?»

«ነበረ፣ አባቴ።»

በሬዎቹ ቆመው ዳጉሳውን መብላት ጀመሩ፤ ሽማግሌው አልከለከሏቸውም። እኔ እያለቀስሁ «የመንደሩን ሰው ሰብስበው ይስጡኝ፣ እነግራቸዋለሁ፤ በሰንበቴው ፊት እነግራለሁ» አልሁ።

«ሰንበቴውን ተውሁት» አሉ። «ሙሴነቱን ለሌላ ሰጠሁ። ሰው አላባረረኝም፤ ጽዋውን ሳነሣ ግን እጀን ያዩታል። ሰው ይሁን፤ ሰው ነገ ሌላ ወሬ ሲያገኝ ይረሳኛል።» ወደ ቤታቸው ዞሩ። በሩ ላይ ሚስታቸው ቆመው ያዩን ነበር። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ለእሷ ንገሪልኝ። እኔ ብነግራት ለራሱ ነው የሚል ትላለች። አንቺ ግቢና ንገሪያት። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

እሳቸው ዐውድማው ላይ ቀሩ። እኔ ገባሁ። ሚስታቸው ቀጭን፣ ንጹሕ ነጠላ የለበሱ ሴት ናቸው። መደብ ላይ አስቀመጡኝ፤ ጠላ ቀዱልኝ፤ አልነካሁትም። ነገርኋቸው። ሁለት ማሽን፣ ሁለት ሰዓት፣ የስድስት ሰዓት ልዩነት፤ እንዲገባቸው ስል በጣቴ እየቆጠርሁ፣ ሣሩንም ጥጃውንም አንድ ሳላስቀር ነገርኋቸው። እያዩኝ አልነበረም። የሚያዩት ጥግ ላይ የቆመውን፣ ቅጠሉ ያለቀበትን መጥረጊያ ነው።

«እንግዲያ ሣር ነበር» አሉ።

«ሣር ነበር፣ እናቴ። አልወሰዱም። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ደስ ይላቸዋል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ወይም ይረግሙኛል ብዬ። ሁለቱንም አላደረጉም። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉና እንዲህ አሉ።

«ጎረቤቶች ያን ምስል በስልካቸው ያሳዩኝ ዕለት፣ ወስደሃል ወይ ብየ ጠየቅሁት። አልወሰድሁም አለኝ። ደግሜ ጠየቅሁት። ያኔ ዝም አለኝ። ዕድሜየን ሙሉ አብሬው ስኖር ዋሽተሃል ብየው አላውቅም። ከዚያ ወዲህ እህል አቀርባለሁ፣ ይበላል፤ አንነጋገርም።»

ከደጅ በሬ የሚነዱበት ድምፅ ተሰማ። ሽማግሌው ሥራቸውን ቀጥለዋል፤ ግን ድምፃቸው ከቤቱ አልራቀም፤ እዚያው እዚያው ይዞራል። ሚስታቸው ሰሙት። ተነሡ፤ ወደ በሩ ሄዱ፤ ደፉ ላይ ሲደርሱ ቆሙና ወደ እኔ ተመለሱ። ዓይናቸው እንባ ሞልቷል።

«አንቺስ ሰዓት ነው አልሽ» አሉኝ። «እኔ ምን ልበለው?»